ክሬሙ በሳምንት አጠፋልኝ፣ ስተወው ብሶ መጣ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የ24 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ብጉር ብዙም አላስቸገረኝም። ባለፈው ዓመት ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ካስቀበርኩ ከወራት በኋላ ግን አገጬና መንጋጋዬ ላይ ጠጠር የሚመስል፣ ሲነኩት የሚያም ብጉር ጀመረኝ። ሎሚም ኮልጌትም ሞከርኩ። ከዚያ ጓደኛዬ ከኮስሞቲክስ ሱቅ የገዛችውን ክሬም ሰጠችኝ። በሳምንቱ ፊቴ መስታወት ሆነ። ሁለት ወር ተቀብቼ ሲያልቅብኝ ተውኩት። አሁን ከበፊቱ ብሷል። ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ጥቁር ጥቁሩም አልለቅ ብሏል። አክስቴ ‹ስታገቢ ይጠፋል› ትላለች። ክሬሙን እንደገና ልግዛ? ወይስ ያስቀበርኩትን ላስወጣው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ክሬሙን አትግዢ። ክንድሽ ውስጥ ያለውንም ለጊዜው አትንኪው። ለምን እንደሆነ እስክነግርሽ ግን ትንሽ ታገሺኝ፤ ነገሩ ረዘም ይላል።

እንደ አንቺ ያለ ታሪክ ይዛ የመጣች ሴት ክፍሌ ስትገባ፣ ፊቷን በደንብ ከማየቴ በፊት የምጠይቃት አንድ ነገር አለ። «የተቀባሽውን ይዘሽዋል?» ብዙዎቹ ከቦርሳቸው ያወጡታል። አንዳንዴ እስከ አንገቱ ተጠቅልሎ የተጨመቀ ቱቦ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ስም የሌለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ባለሱቋ ሁለት ሦስት ነገር ደባልቃ የሸጠችላት። ቱቦውን አገላብጬ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል አገኛለሁ። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። የአንቺን ቱቦ አላየሁትም፤ ነገር ግን በሳምንት አጥርቶ፣ ሲተዉት ቀልቶና አቃጥሎ የሚመለስ ክሬም ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።

ስቴሮይድ የቆዳን ቁጣ ዝም ያሰኛል። ቅላቱ ይጠፋል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ፊት ይፈካል። ብጉሩን የሚፈጥረውን ነገር ግን አይነካውም። ሳምንታት ሲያልፉ እንዲያውም ራሱ ብጉር ያወጣል፤ እኛ የስቴሮይድ ብጉር እንለዋለን። ቆዳው ይሳሳል፣ ደቃቅ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ አንዳንዷ ጉንጯ ላይ ፀጉር ይበቅልባታል። ስትተወው ታፍኖ የቆየው ቁጣ በአንዴ ይገነፍላል። ያኔ ሰው «መድኃኒቴ ስለቀረብኝ ነው» ብሎ ሌላ ቱቦ ይገዛል። አንዳንዶች እንዲህ እያሉ ዓመታት ይቆያሉ። መድኃኒቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ኤግዚማ (ችፌ) ላይ ሐኪም ለተወሰነ ቀን ሲያዘው ግሩም ነው። ክፋቱ ፊት ላይ ለወራት ሲለቀለቅ ነው።

ፊት እናቀላለን የሚሉት ክሬሞችና ሳሙናዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። መለያው በቅጡ ያልተጻፈበትን ነገር ፊትሽ ላይ አታሳርፊ።

አንቺ አስቀድመሽ ስለተውሽው ወደ ኋላ አትመለሺ። ቃጠሎውና ቅላቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እስኪረጋ ድረስ ሥራሽ ትንሽ ነው። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ መታጠብ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ መቀባት፣ ሌላ ምንም አለመጨመር። ቃጠሎው ካየለ ሐኪም የሚያረጋጋ ነገር ያዝልሻል። ይህን እያነበባችሁ ጠንከር ያለ ስቴሮይድ ለብዙ ወር ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ቱቦውን ከመወርወር ሐኪም ጋ ሂዱ። ቀስ በቀስ የሚወረድበት መንገድ አለ።

አሁን ወደ ብጉሩ። ሰው ብጉርን የቆሻሻ ልጅ ያደርገዋል። ስለዚህ በቀን አምስቴ ይታጠባል፣ በሻካራ ፎጣ ይፈትጋል። ብጉር ግን የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ፊታችን ላይ ያለች እያንዳንዷ ደቃቅ ቀዳዳ የፀጉር መውጫ ናት፤ ጎኗ ላይ የቅባት እጢ አለ። ሆርሞን ሲያዘው እጢው ቅባት ያመርታል። የቀዳዳዋን ግድግዳ የሚሸፍኑት የሞቱ ሴሎች ረግፈው መውጣት ሲገባቸው እርስ በርስ ይጣበቁና አፏን ይደፍናሉ። ቅባቱ መውጫ ያጣል። ቆዳችን ላይ ሁልጊዜም የሚኖር ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለ ባክቴሪያ እዚያ ቅባት ውስጥ ይራባል። ሰውነት ይቆጣል። ቅላቱ፣ እብጠቱና መግሉ የዚህ ቁጣ ውጤት ነው። አፍንጫ ላይ የምታያት ጥቁር ነጥብም ብትሆን ቆሻሻ አይደለችም። የቆዳ ቀለምና ቅባት አየር አግኝቷቸው ሲጠቁሩ ነው።

ከ12 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሰዎች 85 በመቶ ያህሉ አንድ ጊዜ ላይ ይይዛቸዋል። ስለዚህ አታፍሪበት።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዢልኝ። ዓይን የማያያት ድፍን ቀዳዳ የምትታይ ብጉር እስክትሆን ሁለት ወር ገደማ ሊፈጅባት ይችላል። ዛሬ መስታወት ውስጥ ያየሻት ብጉር ትናንት ከበላሽው ክትፎ አልመጣችም። ምግብ ጭራሽ አይገባበትም እያልኩ አይደለም። ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና ነጭ ዱቄት የበዛበት አመጋገብ አንዳንድ ሰው ላይ ብጉር እንደሚያባብስ ጥናቶች ያሳያሉ። ወተትም ይጠረጠራል፤ ጂም የሚሄዱ ልጆች የሚጠጡት ከወተት የሚሠራው የፕሮቲን ዱቄትም እንደዚያው። በርበሬና ቅቤ ግን በከንቱ ነው የሚታሙት።

ቅቤ ካልኩ አይቀር፣ እኔ የምፈራው ሲበላ ሳይሆን ሲቀባ ነው። ግንባሯ ላይ፣ ከፀጉሯ መስመር ሥር፣ ደቃቅ ደቃቅ ብጉር እንደ ጤፍ የተበተነባት ልጅ ስትመጣ ፀጉሯን አያለሁ። ቅዳሜ ቅቤ ትቀባለች፣ ሻሽ አስራ ትተኛለች። ሌሊት ቅቤው ይቀልጥና ግንባሯ ላይ ይወርዳል። ቫዝሊንና የፀጉር ቅባትም ያው ናቸው። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970 ይህንኑ የፖማድ (የፀጉር ቅባት) ብጉር ብለው ጽፈውታል። እኛ ቤት ግን ከዚያም በፊት ነበር። ቅቤ ተዪ አልልሽም፤ እናቶች ይጣሉኛል። ግንባርሽ ጋ እንዳይደርስ ከመስመሩ ራቅ አድርጊው፣ ሻሹንና የትራስ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እጠቢ።

ሎሚውና ኮልጌቱ? ሁለቱም ይለፉሽ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ የሚተወው ጥቁረት ደግሞ ከብጉሩ ይብሳል። ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ ጉንጯ ላይ አሳድራ፣ ጠዋት ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ይዛ የመጣች ልጅ አይቻለሁ። ኮልጌት የተሠራው ለጥርስ ነው። እሬት ብዙም አይጎዳ፤ ብዙም አያድንም።

እንግዲህ ወደ ክንድሽ። የሚቀበረውም ሆነ የሦስት ወሩ መርፌ የያዙት ፕሮጄስቲን የተባለውን ሆርሞን ብቻ ነው፤ ኢስትሮጅን የላቸውም። አንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ሊያመጡ ወይም የነበረውን ሊያብሱ ይችላሉ። ሁሉም ላይ አይደለም፤ እንዲያውም የሚሻላቸውም አሉ። አንቺ ላይ ጊዜው ይገጥማል። ቦታውም፣ አገጭና መንጋጋ፣ የሆርሞን ብጉር የሚወደው ቦታ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬሽ ባዶ አይደለም።

ግን ከመፍረድሽ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከማስቀበርሽ በፊት የወር አበባሽ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ ነበር? አገጭሽ ወይም ደረትሽ ላይ ወፈር ያለ ፀጉር አለ? የራስ ፀጉርሽ ከመሃል ሳስቷል? ይህ ካለ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለውን የሆርሞን መዛባት መመርመር አለብን። «ከማስቀበርሽ በፊት» ያልኩት በምክንያት ነው። የሚቀበረው ራሱ የወር አበባን ስለሚያዛባ የአሁኑን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

ያም ሆኖ ብጉሩን መከላከያው ክንድሽ ውስጥ እያለም ማከም ይቻላል። ሞክረነው አልሆን ካለ፣ ያስቀበረችሽ ነርስ ጋ ሄደሽ ስለሌላ አማራጭ ተነጋገሪ። ኢስትሮጅንም ያለበት በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ብዙዎች ላይ ብጉር ይቀንሳል። ደም ግፊት፣ የደም መርጋት ወይም ብዥታና ብልጭታ እያሳየ የሚመጣ ማይግሬን ላለባት ግን አይሆንም። ተናድዶ አስወጥቶ፣ ሌላ ሳይተኩ ቤት መግባት ብቻ አይሁን።

አክስትሽን ሳንረሳ። ጋብቻ የቅባት እጢን አያውቀውም። ብዙ ሰው ላይ ብጉር በሃያዎቹ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ያ ዕድሜ ደግሞ የሠርግ ዕድሜ ነው። ምስጋናውን ሙሽራው ይወስዳል።

ሕክምናው ምንድን ነው? ፊትሽ ሲረጋ፣ ቃጠሎው ሲለቅሽ፣ ሁለት የሚቀቡ ነገሮች ይቀድማሉ።

አንዱ አዳፓሊን ነው። የተጣበቁት ሴሎች እንዲላቀቁ አድርጎ ድፍኑን ይከፍታል፤ ገና ያልታየችውን ብጉር ከመነሻዋ ይይዛታል። 0.1 በመቶው ጄል አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ዲፈሪን በሚል ስም ይታወቃል። ከዚያ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ካለሽ ሽቶውን ትተሽ ይህን በይው። ትሬቲኖይንም ወንድሙ ነው፤ ግን ቆዳን ይበልጥ ያስቆጣል።

አቀባቡ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ማታ ታጠቢ፣ ፊትሽ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቂ። አንድ የአተር ፍሬ ያህል ጣትሽ ላይ አውጪ። ግንባር፣ ሁለት ጉንጭ፣ አገጭ ላይ ነካ ነካ አድርጊና ስስ አድርገሽ ለመላው ፊት አዳርሺው። ብጉሯ ላይ ብቻ አትለጥፊው። ዓይን ሥርና የከንፈር ጥግ አይነካ። ከላዩ ማለስለሻ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ሌሊት ይበቃል። ከዚያ አንድ ሌሊት እየዘለልሽ፣ ሲለምድ በየሌሊቱ። ትንሽ መድረቅና መላጥ ይኖራል። ብጉሩም መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል። ብዙዎች የሚተዉት እዚህ ጋ ነው። ያዢልኝ ያልኩሽ ሁለት ወር የሚያስፈልገን አሁን ነው። ዛሬ ተቀብተሽ የምታክሚው ከሁለት ወር በኋላ ሊወጣ የነበረውን ነው። ስለዚህ 12 ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራም» ብለሽ አትፍረጂ። እርግዝና ካሰብሽ ግን ንገሪኝ፤ ይህን አቁመን አዜላይክ አሲድ የመሰለ ሌላ እንተካለን።

ሁለተኛው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን አይለምደውም። 2.5 ወይም 5 በመቶው ይበቃሻል። 10 በመቶው ይበልጥ ያቃጥላል እንጂ ያን ያህል ይበልጥ አያድንም። ጠዋት ትቀቢዋለሽ። አንድ ክፉ ጸባይ አለው፤ የጨርቅ ቀለም ይበላል። አንዲት ታካሚዬ ለዓመት በዓል የገዛችው ነጠላ ጥለቱ አገጯ በነካበት በኩል ነጥቶ ቀረባት። ያልነገርኳት እኔ ነኝ። አንቺን ነገርኩሽ።

ብጉሩ እንደ አንቺው የሚያምና ጠጠር ያለ ከሆነ የሚዋጥ እንጨምራለን። ብዙ ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ነው። የስቴሮይድ ክሬም ያስቆጣውን ፊት ለማረጋጋትም ይረዳል። በብዙ ውሃ ይዋጣል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል። ከወተትና ከአይረን እንክብል ጋር አይወሰድም። ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ደግሞም ብቻውን አይሰጥም፤ ከሚቀቡት ጋር ሆኖ ሦስት አራት ወር ሠርቶ ይቆማል። ሰው ግን አሥር እንክብል ከፋርማሲ ገዝቶ በሳምንት ይጨርስና «አንቲባዮቲክ አልሠራልኝም» ይላል። ባክቴሪያውን ከማስለመድ በቀር ምንም አላተረፈም።

ይህ ሁሉ አልበቃ ካለ፣ ወይም ብጉሩ ጠባሳ እየቆፈረ ከሆነ፣ ኢሶትሬቲኖይን አለ። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1982 ነው የተፈቀደው፤ ብዙ ሰው አኩቴን ወይም ሮአኩቴን ብሎ ያውቀዋል። የቅባት እጢውን ራሱን ያኮማትራል። ብዙ ወራት ተወስዶ ሲያበቃ ብዙዎች ላይ ብጉሩ ተመልሶ አይመጣም። ከንፈር ክፉኛ ያደርቃል፤ የደም ስብና ጉበት በምርመራ ይታያሉ፤ የስሜት መለወጥ ካለ ወዲያው ለሐኪም ይነገራል። ከሁሉ የከፋው ግን ጽንስ ላይ የሚያደርሰው ነው። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ሕፃኑ ከባድ የአካል ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ሴት ልጅ ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉ፣ ከጨረሰችም በኋላ አንድ ወር አስተማማኝ መከላከያ ሊኖራት ግድ ነው። አንዳንዶች ከዓረብ አገር በሰው እጅ አስልከው፣ ሳይመረመሩ ይውጡታል። ይህ ያስፈራኛል። ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ መዋጥም ክልክል ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይጨምራል።

አየሽ አይደል? እዚያ ደረጃ ከደረስን ያ ልታስወጪው ያሰብሽው መከላከያ የሕክምናው ዋና ዋስ ይሆናል። አትንኪው ያልኩሽ አንድም ለዚህ ነው።

ጥቁር ጥቁሩን ደግሞ እንዲህ እዪው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን ላዩ ላይ አንሸራትቺ። ለስላሳ ከሆነ፣ ጎድጓዳ ካልተሰማሽ፣ ጠባሳ አይደለም። ብጉሩ ሲቆጣ የፈሰሰ የቆዳ ቀለም ነው። የእኛን በመሰለ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ከብጉሩ ይበልጥ የሚቆየው እሱ ነው። በወራት ውስጥ ይለቃል፤ ግን ሁለት ነገር ካላቆየው። አንዱ ጥፍር ነው። ስታፈርጪው ግማሹ መግል ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ቁጣው ይሰፋል። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርዱ አያታልልሽ፣ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከቻልሽ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው የመከላከያ ቁጥር (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ካልቻልሽ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ቀላል ነገር አይደሉም። አዳፓሊኑም ጥቁረቱን ቀስ እያለ ያነሳዋል። ጎድጓዳ ካለ ግን ያ እውነተኛ ጠባሳ ነው። መጀመሪያ ብጉሩ ይቁም፣ ከዚያ እንነጋገራለን። በየሱቁ የሚሸጠውን ባለ መርፌ ሮለር ቤት ውስጥ ፊትሽ ላይ አታንከባልዪ።

አንድ የሚያሳክክ፣ ሁሉም እኩል መጠን ያለው ደቃቅ ሽፍታ ግንባርና ደረት ላይ ካለ ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እሱ በአንቲባዮቲክ ይብሳል።

አሁን ሐኪም ጋ ሂጂ። የቆዳ ሐኪም ቅርብሽ ካለ እሱ ጋ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አለርት የቆዳ ክፍል አለው፣ ወሎ ያላችሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ስትሄጂ ሜካፕ አትቀቢ። ያስቀበርሽበትን ቀን የያዘውን ካርድ፣ ስትቀቢ የነበረውን ሁሉ ባዶ ቱቦውን ጭምር፣ ከክሬሙ በፊት የተነሳሽውን ፎቶም ያዢ። ያ ፎቶ ከብዙ ጥያቄ ያድነናል።

ጓደኛሽም ያንኑ ክሬም አሁንም እየተቀባች ከሆነ እሷንም ይዘሻት ሂጂ።